የግራኒ ሹራብ

ጠጋ በሉ፣ ወዳጆቼ። እዚያ በሩ ሥር ነፋስ ያገኛችኋል፤ ወደ ምድጃው ቀረብ በሉና ካፖርታችሁን አውልቁ። ዛሬ የማጫውታችሁ የአንድ አሮጌ መኪና ነገር ነው። የመኪና ደግሞ ምን ወሬ አለው እንዳትሉኝ። ሹራብ ያለው መኪና ነው፤ ወሬማ አለው።

መኪናው ግራኒ ይባላል። ግራጫ ፈረስ የሚጠራበት ስም ነው፤ ግራጫ ስለሆነና እንደ ፈረስም አመለኛ ስለሆነ ያወጡለት ነው። የሩስያ ጂፕ ነው፤ ኮፈኑ እንደ በሬ ግንባር ሰፊ፣ በሩ ሲዘጋ ውሻ የሚያስደነግጥ። ባለቤቱ ሃፍሊዲ የሚባል በግ አርቢ ነው፣ በሰሜን አይስላንድ፣ ከፊዮርዱ፣ በተራሮች መካከል ከገባው የባሕር ክንድ፣ ወደ ውስጥ በሚዘልቀው ሸለቆ። ጂፑን ከአባቱ ወረሰ፤ ከወረሰበት ቀን ጀምሮ መሪውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። አዲስ ሙሽራ ያገባ ሰው እንኳ እንደሱ አይሳሳም ይሉት ነበር ጎረቤቶቹ።

በጎቹ ከሰኔ ጀምረው ተራራው ላይ ለብቻቸው ሲግጡ ይከርሙና መስከረም ሲገባ ሸለቆው በሙሉ በፈረስ ወጥቶ ይሰበስባቸዋል። ስንቁን፣ ፍራሹን፣ የሻይ ማሰሮውን፣ እግሩን ያመመውን ጠቦት ሁሉ የሚሸከመው ግራኒ ነው። በመጨረሻው ቀን መንጋው ወደ ትልቁ በረት ሲወርድም ከፊት ከፊት የሚሄደው እሱ ነው። ከተማ የገቡት ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ አሮጊቱ ሽማግሌው በድንጋዩ አጥር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ የሚታየው የግራኒ ግንባር ነው፣ ከኋላው ነጭ ጎርፍ የመሰለው መንጋ። ሃፍሊዲ በዚያች ሰዓት ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ቢያገኝም ወንበሩን አይለውጥለትም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ብራንዱር የሚባለው ጎረቤቱ አዲስ ፒካፕ ገዛ። ወንበሩ የሚሞቅ፣ ሲያዛጉ የሚያውቅ መኪና። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ነገር ተነሳ፤ ግራኒ አርጅቷል፣ አንድ ቀን በጉም ውስጥ ይጥለናል ተባለ። ተከራክረው ተከራክረው እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፦ ዘንድሮም ግራኒ ይውጣ፤ በራሱ እግር በረቱ ከደረሰ መልካም፣ በገመድ ተጎትቶ ከገባ ግን ከዚያ ወዲያ ስንቁ የብራንዱር ነው። እጁን መጀመሪያ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ሃፍሊዲ! ኩራት ነዋ። እጁን ካወረደ በኋላ ግን ወጥቶ ግራኒን ሲዞረው አመሸ።

የሹራቡ ነገር ደግሞ የመጣው ከኦድኒ ነው። ኦድኒ የተራራ ንግሥት ናት፤ በዚያ አገር የበግ ሰብሳቢዎቹን የምታዝዘውን ሴት እንዲህ ነው የሚሏት። በፈረስ ላይ ሆና "በግራ!" ስትል ሚኒስትርም ቢሆን በግራ ይሄዳል። ሃፍሊዲ በዚያ ስብሰባ ማግስት ፊቱ ጥቁር ብሎ ስላየችው አሳዘናትና ለግራኒ ሞተር የሚሆን ሹራብ ሠራችለት። ወፍራም፣ ግራጫ፣ አንገቱ ዙሪያ ቀይ ጥልፍ ያለው፤ ሃፍሊዲ ራሱ ከሚለብሰው ጋር አንድ ዓይነት።

"ይኸው" አለችው "ሁለታችሁም ብርድ አትችሉም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሃፍሊዲ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሹራቡን ደረቱ ላይ አቀፈው። ወደ ተራራው በሚወጡበት ዋዜማ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲወለውል፣ ክዳን እየፈታ ሲያጸዳ፣ ሹራቡን ሲያለብሰው ሲያወልቀው ዋለ። ሙሽራ የሚያስጌጥ ነበር የሚመስለው።

አሁን የቀረችን አንድ ሰው ናት፤ የሃፍሊዲ ልጅ ዲርፊና። ዲርፊና በዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ መካኒክ ናት፤ ፎቅ የሚያክል ሞተር በእጇ ነው ያለው። ሃፍሊዲ በነዳጅ ማደያው፣ በመዋኛው ሙቅ ውኃ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር "ልጄ እኮ ያን መርከብ የምታዞረው እሷ ናት" ሳይል አይነሳም። ግን የግራኒን ኮፈን አስነክቷት አያውቅም። ያ ሁሉ ሰው በማዕበል ላይ ነፍሱን አደራ የሰጣትን ልጅ፣ ካቻቢቴ ስታነሳ ካየ "ቀስ! እሱ የአያትሽ ነው" ይላታል። እሷም ካቻቢቴውን መልሳ ታስቀምጣለች። መስከረም በመጣ ቁጥር ግን ከባሕር ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች፤ በጎቹና አባቷ ናፍቀዋት።

እንግዲህ የመጨረሻው ቀን ጠዋት ነው። ተራራው ላይ ካለችው ማደሪያ ጎጆ ፊት ፈረሶቹ ተጭነዋል፤ ጉሙ ከመሬት ጋር ተጣብቋል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘንቦ፣ ግራኒ ወንዙን ሲሻገር ውኃው እስከ መብራቱ ደርሶ ነበር። ሃፍሊዲ በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋውን በቂጣ ጠቅልሎ እያኘከ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ ሞተሩን "እንደምን አደርክ" ብሎ መታ መታ አደረገው። ገባና ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዞረ። ው-ው-ው-ው-ው። ሞተሩ አልተነሳም።

ደግሞ አዞረ። ው-ው-ው-ው። ምንም።

ፈረሰኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፈረሶቹ ጭምር ወደ እሱ የዞሩ መሰለው።

"እያሰበ ነው" አለ ሃፍሊዲ ራሱን በመስኮት አውጥቶ።

"ስለ ጡረታው ይሆናላ!" አለ ብራንዱር። ፒካፑ ላይ ተደግፎ ከቴርሞሱ ክዳን ቡና እየጠጣ ነበር። "ዘመዴ፣ ችግር የለም። ገመድ አለኝ። አዲስ ነው፤ ቀለሙም ብርቱካን ስለሆነ ከሩቅ ይታያል።"

"ገመድህ ላይ እዚያው ተንጠልጠል!"

ሃፍሊዲ ወረደ። የቤንዚኑ ፖምፓ ነው ብሎ ፖምፓውን በመዶሻ እጀታ ቀጠቀጠ። ተመልሶ ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ሳበና አዞረ። ው-ው-ው። ቱቦው ቆሽሾ ነው ብሎ ቱቦውን ነፋ፤ ቤንዚን አፉ ገብቶ ተፋ። ቾኩን እንደገና ሳበ። ሳበ፣ አዞረ፣ ተሳደበ፣ ለመነ። ጎጆውን ሁሉ የቤንዚን ሽታ ሞላው።

ኦድኒ ፈረሷን አዙራ ቀረበች። "ሃፍሊዲ፣ መንጋው አይጠብቅም፤ ጉሙ ሳይብስ ላንቀሳቅሰው ነው። ወንዙ ዳር ሲደርስ ትንሽ እናሳርፈዋለን። እስከዚያ ከተነሳ ቀድመህ ትሄዳለህ። ካልተነሳ ግን..." አልጨረሰችም። ብርቱካኑን ገመድ ሳታየው ሄደች፤ ደግ ሴት ናት።

ጎጆው ፊት የቀሩት ሃፍሊዲ፣ ብራንዱርና ዲርፊና ነበሩ። ዲርፊና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከቂጣዋ እየቆረሰች ትበላለች። ሃፍሊዲ መሪው ላይ ግንባሩን አሳርፎ ቆየ። አባቱ ታየው፣ አጥሩ ላይ የተደረደረው ሕዝብ ታየው፣ ያ ገመድ ታየው።

"ዲርፊና" አለ ሳያያት። "እስኪ ጆሮሽን አውሺኝ።"

"ጆሮዬን ብቻ ነው?"

ሃፍሊዲ ወረደና ከመሣሪያ ሳጥኑ እጀታው እንጨት የሆነውን፣ የአባቱን ካቻቢቴ አውጥቶ ሰጣት። ሲሰጣት ጫፉን በራሱ በኩል፣ እጀታውን በእሷ በኩል አድርጎ ነው። ብራንዱር ቡናውን ማየት ጀመረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ሰው ዓይን አይተክልም።

ዲርፊና እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ተነሳች። "ትናንት እንዴት ሆኖ ነው የገባው?"

"እንደ ድመት እያንጎራጎረ።"

"ታዲያ አልተሰበረም። በሌሊት የመጣበት ነገር ነው። ቁልፉን አዙር፣ አባዬ፤ ቾኩን ግን እንዳትነካ።"

አዞረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። "በቃ! ዙሩ ብርቱ ነው፣ እኩልም ነው። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ሞተሩም ውስጡ አልተጎዳም። ቤንዚኑን እንየው።" ቤንዚን ከአየር ጋር ወደሚደባለቅበት ካርቡራተር የሚገባውን ቱቦ ነቅላ ባዶ የስኪር፣ የአገሩ እርጎ፣ ዕቃ ውስጥ ከተተችው፤ ቁርሳቸውን በልተው የጣሉት ነው። "አዙር።" ቤንዚኑ ፊጭ ፊጭ እያለ ወረደ።

"ፖምፓው አይደለም" አለች።

ሃፍሊዲ መዶሻውን ቀስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ደበቀ።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታቻቸው። ሁሉም በቤንዚን ርሰዋል። አንዱን ወደ አባቷ አነሳችው። "ይሄ ጠጥቶ ጠጥቶ ሰክሯል። ቾኩን ስንቴ ሳብከው?"

"አንዴ ነው።"

"አባዬ።"

"ደጋግሜ ነዋ! ምን ላድርግ፣ ሰው እያየኝ!"

"ቤንዚን ተርፎታል እንግዲህ። የጎደለው እሳት ነው።" ካንዴላውን በራሱ ሽቦ ላይ ሰክታ ሞተሩ ብረት ላይ አጋደመችው። "አዙር።" ሦስቱም አጎንብሰው አዩ። ብልጭታ የለም። ከዚያ እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና የሚወጣውን ወፍራም ሽቦ ነቀለች፤ ቱቦና ዕቃውን ከአጠገቡ አርቃ፣ የቤንዚኑ ሽታ በነፋስ እስኪበተን ጠበቀች፤ ሽቦውን በደረቅ የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ወደ ብረቱ አስጠጋችው። "አሁን።"

ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ብራንዱርም አብሮ ዘለለና ቡናውን ጃኬቱ ላይ ደፋው።

"አያችሁ?" አለች ዲርፊና ሳቋ አምልጧት። "እሳቱ ከቤቱ ይወጣል፤ ካንዴላው ጋ ግን አይደርስም። መንገድ ላይ የሚያስቀረው አለ።"

በቦቢናውና በካንዴላዎቹ መካከል ያለው ዲስትሪቢዩተሩ ነው፤ እሳቱን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ካንዴላ በተራ የሚያድለው። ጥቁር ክዳን አለው፣ የተገለበጠ ፍንጃል የመሰለ። ዲርፊና ማያዣውን በአያቷ ካቻቢቴ ፈልቀቅ አድርጋ ክዳኑን አነሳችው። ውስጡ እንደ መታጠቢያ ቤት መስታወት ላብ አልቦታል። ጠብታ በጠብታ ላይ። በክዳኑ ጠርዝ ደግሞ አንዲት ቀይ የሱፍ ክር ተጣብቃለች፤ ግማሿ ውስጥ፣ ግማሿ ውጭ፤ እንደ ኩራዝ ክር ውኃውን ስባ ስባ ወደ ውስጥ አስገብታለች።

ሃፍሊዲ ክሯን አያት። ወዲያው ሁሉም ነገር ገባው። በዋዜማው ክዳኑን ሲወለውል ሹራቡ ክንዱ ላይ ነበር፤ ክሯን ይዞ ዘጋባት። ትናንት ማታ ደግሞ የራሰውንና የጋለውን ሞተር በወፍራሙ ሱፍ ግጥም አድርጎ ሸፈነው። ድሮ ባዶውን ያድር ነበር፤ በራሱ ሙቀት እንፋሎቱን አውጥቶ ደርቆ ያነጋ ነበር። ትናንት ግን እንፋሎቱ መውጫ አጣ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ውኃ ሆነ፣ ክሯም መንገድ መራችው።

በዚህ መካከል የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ኦድኒ ናት። ከፊቷ፣ በኮርቻው አግድም፣ እግሩን የታመመ ጠቦት አስተኝታለች፤ ይንቀጠቀጣል። "ይሄ መራመድ አልቻለም፤ መኪና ይፈልጋል" አለች ስትወርድ። "ምን አገኛችሁ?"

ዲርፊና ክሯን በጣቶቿ አንስታ መዳፏን ጨበጠች።

"እርጥበት" አለች።

"ጉሙ ነዋ" አለ ብራንዱር። "የኔዋ መኪና ጉም አይገባትም፣ ዝግ ናት።"

ሃፍሊዲ የተጨበጠችውን እጅ አያት። ሹራቡ የግራኒ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ አንገቱ ቀይ ጥልፉን ያሳያል፤ የሠራችው ሴት አጠገቡ ቆማለች። ሞተሩንስ ትምህርት ቤት አስተማሯት፣ ባሕሩም አስተማራት። ይህችን እጅ መጨበጥ ማን አስተማራት? ሃፍሊዲ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አለው፤ ከመስከረም ሁሉ፣ ከበረቱ አጥር ሁሉ፣ አባቱ መሪውን ከሰጠው ቀን ሁሉ የበለጠ።

"ብራንዱር" አለች ዲርፊና "የደረት ኪስህ ውስጥ ያለውን አምጣ።"

"የምን ደረት? የምን ኪስ?"

"ሸለቆው ሁሉ የሚያውቀውን። ውኃ የሌለበትን፣ ራስህ ያወጣኸውን።"

"እሱማ ለጉሮሮ ነው! ኃጢአት ነው፣ ዲርፊና!"

"ክዳኑ ጉሮሮው ነው በለው" አለች ኦድኒ። ብራንዱር እያቃሰተ የአረቄ ጠርሙሱን አወጣ። ዲርፊና ጨርቅ ላይ አፍስሳ ክዳኑን ከውስጥ ከውጭ ጠረገችው፤ አረቄው ውኃውን ጠርጎ ወሰደው። በነፋሱ ላይ ይዛ አተነነችው። ከዚያ ጎጆው ውስጥ ገብታ ከምድጃው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ካንዴላዎቹንም ቤንዚኑን ጠርጋ፣ ነፋስ አስመትታ፣ መጥበሻ ላይ ደርድራ አሞቀቻቸው። ብራንዱር "ጨው አላነሰውም?" እያለ ዞረ።

ሃፍሊዲ በዚህ ጊዜ ሹራቡን ከመስታወቱ አውርዶ ምድጃው አጠገብ ሲያገላብጥ ነበር። ሲሞቅለት ጠቦቱን አንስቶ ጠቀለለው። ራሱን በአንገቱ በኩል፣ በቀዩ ጥልፍ መካከል አወጣለት። ጠቦቱ መንቀጥቀጡን ተወና አዛጋ።

"ለግራኒ የሠራሁትን?" አለች ኦድኒ ቅንድቧን ሰቅላ።

ልጁ እጇን ጨብጣ ያተረፈችለትን ኩራት ኪሱ ማስገባት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም። ሃፍሊዲ ግን ወደ ዲርፊና ዞረና "አሳያት" አለ።

"አባዬ..."

"አሳያት እንጂ።"

መዳፏን ከፈተች። ክሯ እርጥብ ሆና ተኝታለች።

"ክዳኑን ላሳምር ስል አንቺው የሠራሽውን ክር ይዤ የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለ ሃፍሊዲ። "ሹራቡ ጥፋት የለበትም፤ የሚለብሰው ተሳሳተ እንጂ። ደሞ እወቂው፣ ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ስቀጠቅጥ ነበር የዋልኩት።"

ኦድኒ ክሯን አየች፣ ጠቦቱን አየች፣ ሃፍሊዲን አየች። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። "አልብሼ ገደልኩት በሉኛ! ሙሉውን ክረምት ዓይኔ እስኪጠፋ ጠልፌ!"

"አልሞተም" አለች ዲርፊና ካንዴላዎቹን ከመጥበሻው እያፈሰች። "ኑ።"

ሁሉንም መለሰችው፤ ካንዴላውን፣ ሽቦዎቹን በየተራቸው፣ ክዳኑን። ማያዣውን ከመዝጋቷ በፊት ጠርዙን በጣቷ ዞረችው። ሃፍሊዲ ወደ ሾፌሩ ወንበር ገባ። ቁልፉን ያዘ። ያዘና ቆመ።

ወረደ።

"ግቢ" አላት።

"የት?"

"የት ይመስልሻል? ግቢ እንጂ፣ መንጋው ሊነሳ ነው!" ብሎ ጠቦቱን አቅፎ ዞሮ በሌላው በር ገባ። በዚያ በኩል ተቀምጦ ስለማያውቅ ጉልበቱን ሳጥኑ መታው።

ዲርፊና ቁልፉን አዞረች። ው-ው-ው... ግራኒ አንዴ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። የጎጆው መስኮት ተንቀጠቀጠ። የድሮው ድምፁ ነው። ብራንዱር ባርኔጣውን ጉሙ ውስጥ ወረወረ፤ የተሸነፈ መሆኑን ረስቶታል መሰለኝ። ያንን ብርቱካን ገመድ ጠቅልሎ እያስቀመጠ "ምን አለ፣ ለሌላ ጊዜ ይሆናል" ሲል ሰሙት፣ "ለራስህ!" አለችው ኦድኒ ከፈረሷ ላይ።

ወንዙ ዳር መንጋውን ደረሱበትና አልፈውት ቀደሙ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተገፎ በረቱ ታየ። ሕዝቡ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። የግራኒ ግንባር ከኮረብታው ብቅ ሲል ሰው ጮኸ። ከዚያ መሪውን ማን እንደያዘ አዩና ጩኸቱ ቀጥ አለ።

"ሃፍሊዲ ሞተ እንዴ?" አለች አንዲት አሮጊት። የምር ነበር የጠየቀችው። ሌላ ምን ታስብ?

ግራኒ በሩ ድረስ በራሱ እግር ገባና ቆመ። ከሌላው በር ሃፍሊዲ ወረደ፣ ቀይ ጥልፍ ያለው ሹራብ የለበሰ ጠቦት አቅፎ፣ እሱም ያንኑ ሹራብ ለብሶ። ሁለት ወንድማማች ይመስሉ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉት ከአጥሩ። "ታመምክ?"

"እኔ? ኧረ ደህና ነኝ" አለ። ከኋላው በጎቹ እየጮሁ ሸለቆውን ሞልተው እየወረዱ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወይም ከፍ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። "ሾፌር አለኝ! ያቺ ናት። ግራኒ ዛሬ ጠዋት አልነሳም ብሎኝ ነበር፤ እሷ ናት ያስነሳችው። በአያቷ ካቻቢቴ!"

ማታ ሲዘፈን የሃፍሊዲ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር፤ ደህና ዜማ የለውም፣ ግን ማንም አላስቆመውም። ካቻቢቴው ከዚያ ቀን ወዲህ በዲርፊና ኪስ ውስጥ በባሕር ይዞራል። ክሯን ሃፍሊዲ በግራኒ ጣሪያ ከውስጥ በኩል በመርፌ ሰክቷታል፤ የሚጠይቀው ካገኘ የመኪናውን ወሬ ከሞተሩ ሳይሆን ከክሯ ነው ማውራት የሚጀምረው።

በሉ፣ እሳቱ እየበረደ ነው፤ አላቆያችሁም። እኔ አሁን ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፣ የሰው ስም፣ የቦታ ስም። የዲስትሪቢዩተሩን ነገር ብትረሱትም አልቀየማችሁም። ያቺን የተጨበጠች እጅና "አሳያት" ያለውን አባት ግን፣ እባካችሁ፣ እናንተ አስታውሱልኝ።